ባለ ሁለት ዊንዶውሱ ሰይድ

በአንድ ኮምፒውተር ሁለት ዊንዶውስ የጫነ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ወልዲያ ቢሮ አለ፤ ሰይድ ይባላል። በጦርነቱ የሁላችንም ኮምፒውተር ሲዘረፍ፣ እሱ የራሱን ግራና ገጠር ያለች አክስቱ ጎተራ ውስጥ ማሽላ ስር ቀብሮ አተረፈ። ስንመለስ እኔ ደብዳቤ በእጄ እጽፋለሁ፤ የእሱ ማሽን ግን ሲነሳ "አሮጌው ዊንዶውስ ይሻላል አዲሱ?" ብሎ ያማርጠዋል! ይሄ ፍትሕ ነው?

አንድ ቀን "ወንድሜ፣ አሮጌውን አጥፋልኝ" አለኝ። የአዲሱ ማስነሻ ፋይል አሮጌው ላይ እንዳለ፣ መጀመሪያ ፋይሉን ወደ አዲሱ ማዛወር እንደሚገባ አሳምሬ አውቃለሁ። ሳላዛውር አጠፋሁት። ስክሪኑ ጠቆረ፤ አዲሱም አልነሳ አለ።

ሰይድ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አብሽር፣ ማሽላ ስር የከረመ ማሽን ነው፤ አንተ ምን ታደርገው?" አለኝ።

ቅናቴ የለቀቀኝ መሰላችሁ? አሁን ደግሞ በልቡ እቀናለሁ።