አማቴ ባሉበት የማያመኝ ቁስል

ሰው ሁሉ «እንዴት ነህ?» ሲባል እውነቱን የሚመልስ ቢሆን ኖሮ፣ ሆሳዕና ላይ ከቤት ወጥቶ ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ደግነቱ አንመልስም። «ተመስገን» ብለን እናልፋለን። ጥርሱ ሲጠዘጥዘው ያደረ ሰው ጉንጩን በጋቢ ጠቅልሎ «ተመስገን» ይላል፤ ባጃጅ ገጭቶት እግሩ በጄሶ የታሰረ ሰው በክራንች እያነከሰ «ተመስገን፣ ምንም አልልም» ይላል። እናንተም ብትሆኑ፣ በእኛ መካከል ይቅርና፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ ዋሻችሁ? እኔ አልፈርድባችሁም። ተመስገን ማለት ጨዋነት ነው። ጣጣው የሚመጣው «እንዴት ነህ?» ያለው ሰው መልሱን የምር የፈለገው ዕለት ነው።

እኔን እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኛል። አስቴር ትባላለች።

ከአስቴር በፊት ግን ከራሴ ልጀምር። ወላጆቼ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ሂሳብ አስተማሪ ሆኜ፣ ከከምባታ ምድር የዶዮገና ልጅ አገባሁ። ከባለቤቴ ከአልማዝ ጋር አማቴን ወይዘሮ በላይነሽን አገኘሁ። የአማት ሐሜት የምትጠብቁ ካላችሁ እዚህ ላይ ብንለያይ ይሻላል፤ እኔ ሐሜት የለኝም፤ ያለኝ አክብሮት ነው፤ እሱም በዝቶ ሊገድለኝ ነበር። በአማቴ ቤት አማችና አማት ይከባበራሉ ሲባል ቀልድ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሳቸው እኔን «እርስዎ»፣ እኔም እሳቸውን «እርስዎ» ስንባባል ኖረናል። እሳቸው ፊት እግሬን አነባብሬ ተቀምጬ አላውቅም። እሳቸውም እኔ ፊት እህል ቀምሰው አያውቁም። ማስነጠስ ሲመጣብኝ እንኳ ወደ ጓሮ እወጣለሁ።

እንግዲህ የሐሞት ከረጢቴ ጠጠር ማፍራት ጀመረ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ፤ ሆዴ ግን ሊፈጀው አልቻለም። ቀዶ ሕክምና ተባለ።

በቀዶ ሕክምና ጉዳይ አንድ የምንሠራው ግፍ አለ። የቀደደንን ሐኪም ስም አገር ያውቀዋል፤ ከዳንን እንመርቀዋለን፤ ልጅ ከወለድን በስሙ እንጠራለን። ያስተኛንን ሰው ግን ማንም አይጠይቅም። ተኝተናላ! አስቴር እንግዲህ የሰመመን ባለሙያ ናት፤ የአንጋጫ ልጅ፤ ቀጠን ያለች፣ ድምፀ ለስላሳ። በዋዜማው አልጋዬ አጠገብ መጥታ ቁጭ አለችና፣ የሚነቃነቅ ጥርስ እንዳለኝ፣ አስም እንዳለብኝ፣ መቼ እንደበላሁ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ፍርሃቴን ፊቴ ላይ ሳታነበው አልቀረችም።

«ነገ ሐኪሙ ሥራውን ሲሠራ እኔ ራስጌዎ ላይ እቆማለሁ» አለችኝ። «እስኪነቁ ድረስ የእርስዎን ትንፋሽ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ከአጠገብዎ ንቅንቅ አልልም።»

በሕይወቴ ብዙ ቃል ተገብቶልኛል። እንዲህ ያለ ግን ማንም ገብቶልኝ አያውቅም።

ከዚያ የራሷን ጉዳይ አነሳች። ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው። ጥናቷ ደግሞ ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ምን ያህል እንደሚያመውና ሕመሙ በቂ ሕክምና ማግኘት አለማግኘቱን ይመለከታል። ምንም የማያምዎት ከሆነ ዜሮ፣ ከዚህ የባሰ ሕመም የለም የሚሉት ከሆነ አስር ይበሉኝ አለች። ለሂሳብ አስተማሪ ይህ ምን ይከብዳል? ፈቃደኛ ነኝ ብዬ ፈረምኩላት። በማግስቱ ጠዋት ከአስር ወደ ታች ይቁጠሩ አለችኝ። ስምንትን አስታውሳለሁ። ሰባት እስከ ዛሬ አልመጣችም።

ስነቃ የቀኝ ጎድኔ ሥር ሰው ቢላ ረስቶ የሄደ መሰለኝ። «ወይኔ!» ልል አፌን ስከፍት፣ ከአልጋዬ አጠገብ እንጨት ወንበር ላይ፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለስ አድርገው የተቀመጡትን ሰው አየሁ። አፌን ዘጋሁ።

አማቴ! «አልማዝ ልጆቿን ትያዝ፤ አማቼን እኔ አስታምማለሁ» ብለው፣ ለታማሚ የሚሆን በቅቤ የተሠራ የቡላ ገንፎ በፌስታል ቋጥረው፣ በጠዋት መኪና ከዶዮገና ገስግሰው መድረሳቸው ነው። ሐኪሙ ቅቤ ለጊዜው ክልክል ነው ብሎ ቡላውን መለሰው። እሳቸውን ግን ማን ይመልሳቸዋል?

«እንዴት ነዎት?» አሉኝ ለግድግዳው።

«ተመስገን፣ እማማ። ምንም አልልም።»

አስቴር ቅጿን ይዛ ስትመጣ አማቴ እዚያው ናቸው። «ስንት ነው፣ መምህር?» አለች። ልቤ ዘጠኝ ይላል። አፌ «ሁለት» አለ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መጣች፤ ሁለት። በማግስቱ ጠዋት መጣች፤ ሁለት። ተማሪዎቼ ማርክ ይሰስታል ብለው የሚያሙኝ እውነታቸውን ነው። ለገዛ ቁስሌ እንኳ ሰሰትኩ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔም ያወቅኩት በኋላ ነው። የማስታገሻ መድኃኒቴ ካርዴ ላይ ታዝዟል። ትእዛዙ ግን «ሲያመው ይሰጠው» ይላል። ነርሶቹ ደግሞ መጥተው ጠይቀዋል፤ እኔም ምንም አልልም ብዬ መልሻለሁ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። መድኃኒትም አይገባም።

አስቴር ግን ከቁጥሬ ይልቅ እጄን ታይ ነበር። የአልጋውን ብረት አንቆ የያዘውን እጄን። የልብ ምቴን ቆጠረች፤ ቅጿን አየች፤ አልተስማሙም።

«እስቲ ይሳሉልኝ፣ መምህር። ከልብዎ።»

ሳልኩ። ሳል ከተባለ። ደጅ ላይ ቆሞ አስገቡኝ ለማለት የሚያፍር እንግዳ የሚያሰማው ዓይነት «እህ» ነበር። ደግሜ ልሞክር ስል ዓይኔ ጨለመ። አስቴር ጎንበስ ብላ፣ ድምጿን ሳትጨምር እንዲህ አለችኝ፦ «ይስሙኝ። ስለሚያምዎት ትንፋሽዎን እየቆጠቡ ነው። ካልሳሉና በረጅሙ ካልተነፈሱ አክታው ሳንባዎ ላይ ይተኛል። ትንሽ ትኩሳት ጀምሮዎታል። የሳንባ ምች ከያዘዎት ከሐሞቱ የከፋ ነው። አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። ስንት?»

ፈራሁ። ሦስቱ ልጆቼ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለስንቱ ተርቼዋለሁ! ዓይኔ ወደ ወንበሩ ሄደ። አማቴ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ ናቸው።

«ሁለት» አልኩ። ሰው በጨዋነት እንደሚሞት ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

አስቴር እኔን አየች፤ ወንበሩን አየች። የአንጋጫ ልጅ ናት ብያችኋለሁ፤ የአማቴን አገር ወግ ታውቃለች። ገባት። ከዚያ ወደ አማቴ ዞራ በከምባትኛ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ከከምባትኛ የያዝኩት ሰላምታና የምግብ ስም ብቻ ስለሆነ አልተከታተልኩም። አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ረዘም ያለ መልስ ሰጡ። አስቴር ቀና አለች፤ ያ ለስላሳ ድምጿ ድንገት የገበያ ሆነ።

«ለጥናቱ ሲባል ክፍሉ ውስጥ አስታማሚ አይቀመጥም! እናቴ፣ አሁኑኑ ይውጡልኝ!» አለች በአማርኛ፣ የክፍሉ ሰው ሁሉ እስኪሰማ።

አማቴ ብድግ ብለው ወጡ። እኔ ቁስሌን ረስቼ ተናደድኩ። ትልቅ ሰው እንዲህ ይባረራል? ይሄ ነው የዛሬ ልጅ ትምህርት? ልናገር ስል በሩ ተዘጋ፤ ሲዘጋም ውስጤ የታሰረው ሁሉ ተፈታ።

«ዘጠኝ!» አልኩ። «ዘጠኝ ነው፣ አስቴር! ከትናንት ጀምሮ ዘጠኝ ነው!» እንባዬ ወረደ። አርባ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አልሳቀችብኝም። «ይኸው፣ ጎበዝ» አለችኝ፤ እኔ ለተማሪ ብዬው የማላውቀውን ቃል።

ሐኪሙን አማክራ እጄ ላይ በተሰካው የግሉኮስ መስመር መርፌ ሰጠችኝ፤ ከዚያ አንድ የአልትራሳውንድ መሣሪያ እየገፋች መጣች። ጎድኔ ሥር ስትደግነው የሆዴ ጡንቻ ስክሪኑ ላይ እንደ እንሰት ግንድ ተነባብሮ ታየ። ሕመሙን የሚያመላልሱት ነርቮች በየትኛውና በየትኛው ንጣፍ መሃል እንደሚያልፉ አሳየችኝ። ቀጭን መርፌ ይዛ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ ማደንዘዣውን እዚያው ንጣፍ መሃል አፈሰሰችው። እጇ አልተንቀጠቀጠም። እኔ እድሜዬን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ለማስመር የታገልኩ ሰው፣ ያንን እጅ ሳይ ቀናሁ። ብዙም ሳይቆይ ቢላው ከጎድኔ ወጣ። አሁን ይሳሉ አለችኝ። ሳልኩ! ከልቤ ሳልኩ፤ አክታው ወጣ፤ የክፍሉ መስኮት ተንቀጠቀጠ ብል ማጋነን ይሆንብኛል እንጂ ደስ ይለኝ ነበር።

«ያቺ ሁለትዎ ቅጼ ላይ ብትቀር ኖሮ» አለችኝ ዕቃዋን እየሰበሰበች፣ «እርስዎን ብቻ አልነበረም የምትጎዳው። ወንዶች ብዙም አያማቸውም ብዬ እጽፍ ነበር። ከእርስዎ በኋላ የሚተኛው ሰውዬ በእርስዎ ጨዋነት ሲሰቃይ ያድር ነበር።»

አፈርኩ። ቢሆንም አማቴን ማባረሯን አልረሳሁላትም፤ ነገርኳት። ያን ጊዜ ሳቀች።

«ያባረርኳቸው እኮ ራሳቸው ለምነውኝ ነው» አለች። «ስንት ይመስልዎታል ብዬ ጠየቅኳቸው። ‹በጣም አሟቸዋል፤ ከትናንት ጀምሮ የእግራቸው ጣቶች ከብርድ ልብሱ ሥር ሲኮማተሩ አያለሁ። እኔ ካልወጣሁ አይጮሁም። በራሴ ብወጣ ደግሞ አማቿን ጥላ ሄደች ያሰኘኛል። አንቺ አባሪኝ፤ ጮክ ብለሽ፣ ሰው ይስማሽ› አሉኝ።»

እኔ እሳቸውን ላለማስቀየም ስቃትት፣ እሳቸው እኔን የሚያስጮህ ሰው ሲፈልጉ ኖረዋል።

አስቴር በሩን ከፈተችላቸው። ደጁ ላይ ቆመው እንደነበር ያስታውቃሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ገብተው ያንን የእንጨት ወንበር ያዙና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ።

«እንዴት ነዎት?» አሉኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ለግድግዳው ሳይሆን ለእኔ።

አፌ ለተመስገን ሊከፈት ሲል ያዝኩት። «ያመኛል፣ እማማ» አልኩ። «ግን ቀንሷል። ሦስት።»

አስቴር በሩ ጋ መድረሷን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእኔ ወገብ» አሉኝ፣ «ሰባት።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወገባቸውን እንደሚያማቸው አላውቅም ነበር። እናም በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማቴ ፊት ጮህኩ።

«አስቴር! ኧረ ተመለሺ!»