ለወለላ የተቀዳ አተላ

ከየት ወጣህ ሳይሆን ምን ይዘህ ወጣህ ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሶዶ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ አንድም አላገኘሁም።

ወለላ የምትባል ላም ነበረችኝ። የእኔ ናት ማለቴም ድፍረት ነው፤ ከጥጃነቷ ያሳደገቻት ሟች ባለቤቴ ናት። በመጨረሻዋ ሰዓት ስለ እኔ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ፣ ወለላን እንዳትሸጥ ብላ አስማለችኝ። ማልኩ።

በጋ ሲገባ የምትበላው የስኳር ድንች ሐረግ አለቀና ሁምቦ ካለችው እህቴ የሚላክልኝ የቦሎቄ ገለባ ብቻ ቀረ። ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት አይሆንም። የግብርና ባለሙያው መጥቶ ጎኗን ዳበስ ዳበስ አደረገና ፕሮቲን አንሷታል፣ አተላ ስጣት አለኝ። አተላ ደግሞ የት ይገኛል? አረቄ የሚወጣበት ቤት ነዋ! እኔስ ማን ነኝ? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መጠጥ በሚከለክለው ቤተክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የያዝኩ ሰው። ቢሆንም የተራበች ላም መዝሙር አይገባትምና፣ ቢጫ ጀሪካኔን አንጠልጥዬ ጠዋት ጠዋት አረቄ ወደሚያወጡት ወይዘሮ ብርቄ ቤት መመላለስ ጀመርኩ።

የወለላ ቆዳ አበራ፣ ወተቷም እጥፍ ሆነ። የወተቱ ቀንደኛ ደንበኛ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ዳና ነበሩ፤ ዘንድሮ ወተትህ ተባርኳል እያሉ ይወስዱ ነበር።

በወሩ ሽማግሌዎች ፊት ቀረብኩ። ከሳሹ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ ዳና! አረቄ ቤት ስትገባ ስትወጣ ታይተሃል አሉኝ። ለላሟ ነው፣ ፕሮቲን ነው ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ስሙን ምንም በለው ሽታው አረቄ ነው፤ ደግሞስ የሚያይህ ሰው ጀሪካኑ ውስጥ ያለውን በምን ያውቃል? አሉ። ከመዘምራን ታገድኩ። እዚያ ቤት ድርሽ እንዳልልም ቃል አስገቡኝ።

የወለላ አጥንት ወጣ። ጋሽ ዳናም ወተቱ ቀጠነ ብለው ቀሩ። ዓይኔ እያየ ከምትሞት ብዬ፣ ወይዘሮ ብርቄ ሲጠይቁኝ ሸጥኩላቸው። ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

አሁን በወይዘሮ ብርቄ በር ሳልፍ ወለላ ኮቴዬን ለይታ ትጮኻለች። ገብቼ ግንባሯን እንዳላሻት ቃሌ አለብኝ። ባለፈው ማክሰኞ አላስችል ብሎኝ አጥሩን ተደግፌ ስሰማት፣ ጋሽ ዳና በወተት የተሞላ ጀሪካን አንጠልጥለው ከግቢው ብቅ አሉ። አጥሩ ሥር ቆሜ ሲያዩኝ ፊታቸው ጠቆረ። ከልባቸው አዝነው፣ ወንድሜ፣ ዛሬም አልተውከውም? አሉኝ።