ክቡር ገብረየስ ጥፋት ሲያካፍሉ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ጥፋት የሚያካፍል አንድ ሰው አይጠፋም። የኛ፣ የአሜሪካዋ ኮሎምበስ ሰዎች፣ ክቡር ገብረየስ ናቸው። 'ክቡር' ብንላቸውም ዳኛ ሆነው አያውቁም፤ ኢስተን ሰፈር የሆቴል እንግዳ ማመላለሻ ሻትል ነድተው ነው ጡረታ የወጡት። ግን የዓለም ፍርድ ቤት ክርክር በስልካቸው ሲያዳምጡ ይውላሉ። ብዙ አገሮች አንድ ላይ ያጠፉት ጥፋት እንዴት እንደሚከፋፈል ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ እሳቸው እንደሚሉት።

አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ወጥ ምንጣፍ ላይ ተደፋ። እኛ ጨርቅ ስንፈልግ እሳቸው ችሎት ተቀመጡ። ድስቱን የተሸከመችው ጥፋተኛ፣ ወንበሩን መተላለፊያ ላይ የተወው ጥፋተኛ፤ ነጭ ምንጣፍ የመረጡት ሽማግሌዎችም አልቀሩም።

"ዳዲ፣ ኢትስ ጀስት ወጥ" አለች ልጃቸው ቢታንያ።

"ዳቦ ሲካፈሉት ያንሳል፤ ጥፋት ሲካፈሉት አያንስም" አሉ። የዘወትር ቃላቸው ናት።

ደብሊን በሚባለው መንገዳችን ላይ ከኋላ የገጫቸውን ሰው እንኳ "እኔም ድርሻ አለኝ፣ ፍሬኑን ድንገት ነው የያዝኩት" ብለውት፣ የኢንሹራንሱ ሰው ራሱን ይዞ ቀረ።

የጀልባ ነገር ሲነሳ ደግሞ መቀመጥ አይሆንላቸውም። ስደተኛ የጫነች ጀልባ ስትሰጥም አንዱ አገር ከአውሮፕላን ያያል፣ አንዱ በሬዲዮ ይሰማል፣ የሌላው መርከብ በአጠገቧ ያልፋል። "ሁሉም 'ሌላው ያነሳቸዋል' ይላል፣ እትዬ ላቀች" ይሉኛል፣ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ። እኔ ትዝ የምትለኝ አህያችን ናት። አባቴና አጎቴ በጋራ ነበር የገዟት። አንድ ምሽት አንዱ ሌላው ያስገባት መስሎት ውጭ አደረች፤ ጅብ በላት። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ባሕሩ ሩቅ መስሎኝ።

ኩላሊቴ ስለደከመ ደሜን በማሽን አሳጥባለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ልጆች በተራ ያደርሱኛል። ክቡርነታቸው ተራ ባይኖራቸውም በሄድኩ ቁጥር ጠዋት ኮል ያደርጋሉ፦ "ማን መጣልዎት?" ይሰለቸኝ ነበር።

በረዶ የጣለ ዕለት ካፖርቴን ለብሼ መስኮት ላይ ቆምኩ። ከልጆቹ አንዷ ማራኪ፣ አንድርያስ የሚወስደኝ መስሏት ሥራ ገብታለች፤ አንድርያስም እሷ የምትወስደኝ መስሎት ገብቷል። አንዱን ቀን ከዘለልኩ ውሃ ሳንባዬን ይሞላና ትንፋሽ ያጥረኛል። ስነሳ ስቀመጥ ስልኩ ጮኸ።

"ማን መጣልዎት?"

"ማንም።"

ከሰፈራቸው ከፍራንክሊንተን በነጠላ ጫማ መጡ። መኪና ውስጥ ችሎቱ ተጀመረ። ለማራኪ ድርሻ፣ ለአንድርያስ ድርሻ፣ ተራውን ላወጡት ፓስተር ድርሻ። "እርስዎም አለብዎት፤ ላላስቸግር ብለው ዝም ብለው ቆሙ።"

"እርስዎስ?" አልኩ ተናድጄ።

"እኔማ ዛሬ ዘግይቼ ነው የደወልኩት" አሉ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ።

ትናንት ጠዋት ስልኩ ሳይጮህ ቀረ፤ ደሜን አሳጥቤ ተመለስኩ። ጉንፋን እንደጣላቸው ሰምቻለሁ። ቢታንያ አለችላቸው ብዬ ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። ቢታንያስ እኛ ያለንላቸው መስሏት ቢሆን? ደወልኩ።

"አጠገብዎ ማን አለ?"

"ማንም" አሉ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ።

ለማራኪም ለአንድርያስም ደወልኩ፤ አንዳቸው መጥተው እሳቸው ዘንድ ቢያደርሱኝ ብዬ። ሾርባ ሠርቼ ይዤ ደጄ ላይ ቆምኩ።

ሁለቱም መጡ።