አሜን ያለው ኮምፒውተር

ፈረንጅ ሰው ሲናገር አይገርመውም፤ ዕቃ ሲናገር ነው የሚገርመው። ሰው ሲያናግረው «ፓርደን?» እያለ ያስደግማል፣ በተለይ የምታናግረው እንደኔ ያለችው ከሆነች። ዕቃ ሲያናግረው ግን ወንበር ስቦ ያዳምጣል።

በዚህ ዊንተር የድምፅ ጥበብ እሠራለሁ የሚል ጢማም ፈረንጅ እዚህ ካናዳ፣ ሐበሻ በሚበዛበት በዳንፎርዝ መንገድ ላይ አዳራሽ ተከራየ። ሐበሻው በአማርኛ ሲናገር ኮምፒውተሩ ተርጉሞ በገዛ ድምፁ በእንግሊዝኛ ይናገራል ብሎ አስነገረ። ኮምፒውተሩ ግን አማርኛ አያውቅም፤ ከየት ይወቅ? ስለዚህ እኔን ከመጋረጃ ጀርባ አስቀመጠኝ። የሰማሁትን በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ ዕቃው በወፍራም የወንድ ድምፅ ያነበዋል። ሲያልቅ መጋረጃውን ገልጦ ስሜን እንደሚጠራ ቃል ገባልኝ። ሰው ፊት ምላሷ ለሚታሰር ልጅ ከዚህ ወዲያ ምን ሹመት አለ? እናቴን ምክንያቱን ሳልነግራት ለምኜ አመጣኋትና ፊት ለፊት አስቀመጥኳት። ስሜ ሲጠራ ፊቷን ማየት ፈልጌ ነበር።

አንዷ ክሬሰንት ታውን ስላለው የሕንፃዋ ሊፍት አማረረች፣ አንዱ አለቃውን ረገመ። ጣቴ እስኪዝል ጻፍኩ። ቀጥሎ የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ በየነ ተነሡና፣ ካናዳ ከመጡ ጀምሮ ነገራቸውን እስከ መጨረሻው የሰማላቸው ይህ ብረት ብቻ መሆኑን ተናገሩ። ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው መረቁት፦ እደግ፣ ተመንደግ፣ ክፉ አይንካህ!

እንግዲህ በኛ ወግ ተመራቂው አሜን ካላለ የመራቂው እጅ አይታጠፍም። ጋሽ በየነ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆመው ቀሩ። እኔ በገዛ አፌ አሜን አልኩ፤ ማን ሰምቶኝ? ቢቸግረኝ ጻፍኩት። ዕቃው «ኤይመን» ሲል አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ምርቃቴን ብረት በላው።

ፈረንጁ እጅ ነሥቶ ጭብጨባውን ከተቀበለ በኋላ ስሜን ሳይጠራ ወደ መጋረጃው ጎንበስ ብሎ፣ ሰዎች ካዩሽ ጥበቡ ይሞታል፣ ይገባሻል አይደል? አለኝ። እንዴት አይገባኝም? ሲገባኝ አይደል የዋልኩት! ልፋ ያለው በሕልሙ ዳውላ ሲሸከም ያድራል።

ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ብረት እንኳ አፍ ፈታ፣ አንቺ መቼ ይሆን? አለችኝ። እኔ ነኝ ልላት ፈልጌ፣ ሻርፔን እስከ አፌ ጠቀለልኩ። እሷም ሰኞ ክሊኒክ ቀጠሮ አለኝ፣ ዶክተሩ ፊት ስትተረጉሚልኝ እየተሽኮረመምሽ ከምታቃጥዪኝ ፈረንጁ ያንን ኮምፒውተር ያውሰኝ አለች። ስለዚህ ነገ ፈረንጁን ኮል አድርጌላት፣ እሷ በአማርኛ ስትለምነው እኔ እተረጉምላታለሁ።