የእትዬ ሙኒራ ትከሻ

መታሸት የሚጠላ ሰው አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላምንም ነበር፤ እትዬ ሙኒራን እስካውቅ ድረስ።

ቦንጋ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ከባለቤቴ ጋር የተከራየነው እነ ጋሽ ሽኩር ግቢ ነው። ጋሽ ሽኩርና ሚስታቸው እትዬ ሙኒራ መንገድ ዳር ሱቅ አላቸው። ያኔ ባጃጅ ለከተማዋ ገና ብርቅ ነበር። እትዬ ሙኒራን ሰውነታቸውን ሁሉ ያማቸዋል። ዛሬ ትከሻ፣ ነገ ወገብ። እያደር ሻርፕ እንኳ ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ ያማቸው ጀመር። ራጅ ተነሱ፣ ደም ሰጡ፣ ምንም የለም ተባለ። ምንም የለም መባሉ ከሕመሙ ብሶ አስለቀሳቸው። ሰፈሩም ማማቱን ያዘ፤ ሱቅ መቆም ሰልችቷቸው ነው ያለም አልጠፋ።

ከማንኪራ ማር መጣ፤ ጠጡትም፣ ተቀቡትም። ከዋጫ ደግሞ ወጌሻ መጣ። ሰውየው ለወለምታና ለስብራት እጁ የተመሰገነ ነው። ግን ትከሻቸውን ቅቤ ቀብቶ ጫን ሲል እትዬ ሙኒራ ራሳቸውን ሳቱ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታቸው ሁሉ ከሩቅ ሆነ። ጋሽ ሽኩርም እንዳይነኳቸው ፈርተው አልጋው ጫፍ ላይ መተኛት ጀመሩ። በዚህ ዕድሜዬ ለሚስቴ እንግዳ ሆንኩ ብለው አጫወቱኝ። ሊስቁ ሞክረው አልሆነላቸውም።

በመጨረሻ ጅማ ወሰዷቸው። እዚያ ትዕግስት የምትባል ፊዚዮቴራፒስት፣ በእጅና በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ ማለት ነው፣ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው።

"እናቴ፣ ሕመምዎ እውነተኛ ነው" አለቻቸው። "ነርቭዎ ትንሹን ነገር ሁሉ እንደ አደጋ እየቆጠረ ነው። በኃይል ከተጫንነው ይብስበታል።"

እትዬ ሙኒራ "እውነተኛ ነው" መባሉን ሲሰሙ ተንሰቅስቀው አለቀሱ።

ሕክምናው ምን መሰላችሁ? እጅን ክንዳቸው ላይ፣ ብዙም በማያማቸው ቦታ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚነካ ሰው ቀስ አድርጎ ማሳረፍ። እሳቸው በቃ ካሉ ወዲያው ማንሳት። ሲለምዱት ትንሽ ወደ ትከሻ ጠጋ ማለት። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አጭር የእግር ጉዞ። ይህንኑ ለጋሽ ሽኩር አሳየቻቸው።

የጋሽ ሽኩር እጅ እኮ የጨው ጆንያ የሚያወርድ እጅ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ገና ሳይነኳቸው "በቃ" ይባላሉ። "እሺ" ብለው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። አይቆጡም። ገበያው ሲቀዘቅዝ ከባንኮኒው ጀርባ እንደገና ይሞክራሉ። እንዲህ እያሉ ክረምቱ አለፈ፤ የከፋ አገር ክረምት ደግሞ ቶሎ አያልፍም። አንድ ቀን ስኳር ልገዛ ስገባ የጋሽ ሽኩር እጅ ሚስታቸው ትከሻ ላይ ሙሉ በሙሉ አርፏል። እትዬ ሙኒራ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"ስኳር ነው? ራስህ መዝን" አሉኝ ሳይገልጡ። "እሱ ሥራ ላይ ነው።"

ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቃቸውም። ሲደክማቸው ይመለሳል። ግን ሰው ያቅፋሉ፣ ገበያ ይወጣሉ፣ ከጋሽ ሽኩር ጋር ብርድ ልብስ ይሻማሉ።

ችግር የመጣው በሰፈሩ ባሎች ላይ ነው። ከሱቁ የሚገዛ ሁሉ ባልና ሚስቱን ያያል። ሳይቆይ የሰፈሩ ሴቶች አንድ በአንድ ትከሻቸውን ያማቸው ጀመር። ባሎች ተመካክረው ጋሽ ሽኩርን ቢያንስ መጋረጃ እንዲሰቅሉ ለመኗቸው። ሱቅ ተጋርዶ ማን ይገዛኛል ብለው እምቢ አሉ።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ሳሙና ገዝታ ተመለሰችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ቁጭ አለች።

"ምን ሆነሽ?" አልኳት።

"እንጃ" አለችኝ። "ከሱቅ ስወጣ ነው የጀመረኝ።"

በገዛችው ሳሙና እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ።