ክቡር ሊቀ ፍግ

ሳይጠየቅ የሚመክር ጎረቤት የሌለው ገበሬ በዓለም ላይ የለም። አለ የሚለኝ ካለ፣ ወይ ማሳ የለው ወይ ጆሮ የለው። የእኔውን መካሪ በሌሉበት ክቡር ሊቀ ፍግ እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ፣ "ጋሼ" ናቸው።

ክቡርነታቸው ከላይም ከታችም የተከፈተ ጣሳ ይዘው ይዞራሉ። ያገኙት ማሳ ላይ ይተክሉትና ውሃ ሞልተው ሰዓታቸውን ያያሉ። ውሃው ቶሎ ከሰረገ ፊታቸው ይፈካል። ከቆመ ግን ባለማሳው አለቀለት፤ "መሬትህ አፉን ዘግቷል! የበሰበሰ ፍግ፣ በየዓመቱ፣ ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ!" ይላሉ። አጎቴ ሲቀበር ሁላችን ስናለቅስ፣ እሳቸው ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር በጣታቸው እያሹ "ይህን የመሰለ አፈር ለሟች!" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የሚያናድደው ደግሞ ልክ መሆናቸው ነው። የእሳቸው ማሳ አሥራ ሁለት ዓመት ፍግ በልቶ አፈሩ እፍኝ ውስጥ ይፈረፈራል፤ የወረደውን ዝናብ ሁሉ ይጠጣል። የእኔ ተዳፋት ግን ውሃውን ከነአፈሩ ቁልቁል ይሰዳል።

ባለፈው ክረምት እልህ ያዘኝ። እሳቸው በአሥራ ሁለት ዓመት የሠሩትን በአንድ ቀን ልሠራው ብዬ፣ የበረቱን እበት እርጥቡን አውጥቼ ተዳፋቱ ላይ ለቀለቅሁት። አላረስኩትም፣ አላዋሐድኩትም።

"ጋሼን ብትጠይቃቸውስ?" አለች ባለቤቴ፣ ሰማዩን እያየች።

"ሞቼ ነው የምጠይቃቸው!"

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ልቅልቁ መሬቱን ደፍኖት ኖሮ ውሃው መግቢያ አጣ፤ እበቱን ጠራርጎ የታችኞቹ ሰዎች ከሚቀዱበት ምንጭ ከተተው።

በማግስቱ ሰው ተሰበሰበ። የመስኖ ውሃ ተራ አስከባሪዋ ቀልድ አታውቅም። "ያደረገው ሰው ከተራ ይሰረዛል" አለች። የእኔ ሽንኩርት የሚኖረው በዚያ ተራ ነው፤ ልጆቼም በሽንኩርቱ። ከፊቴ በተቀመጠው ሰው ጀርባ ተከለልኩ። ሰው ሁሉ ፍግ ሲባል ወደሚያስበው ሰው፣ ወደ ጋሼ ዞረ።

እሳቸውም ብድግ አሉ። በዕድሜያቸው "አላውቅም" ብለው የማያውቁት ሰው፣ "የእኔ ነው፤ ተሳስቻለሁ" አሉ።

"ሊቁም ይስታል ለካ!" አለ አንዱ። ሳቁ አካባቢውን ሞላው። ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። ያኔ ተነሳሁ።

ጋሼ ኮቴን ጎተቱኝ። "ቁጭ በል አንተ! በእኔ ይሳቁ፤ ተራውም ቢቀርብኝ አፈሬ ውሃ ይዟል፤ አንተ ግን ልጆች አሉህ።"

"የእኔ ነው!" አልኩ ጮክ ብዬ። "ጋሼ የሉበትም።"

ተራ አስከባሪዋ ሁለታችንንም አፈራርቃ አየችን። ከተራ አልሰረዘችኝም፤ ምንጩን ለብቻዬ አሥር ቀን እንድጠርግ ፈረደችብኝ።

ለብቻዬ? ጋሼ በጠዋት አካፋቸውን ይዘው ከች አሉ። "አካፋ እንዲህ አይያዝም፣ ወገብ እንዲህ አይታጠፍም፣ ጭቃ በዚህ በኩል አይወጣም" ሲሉኝ ዋሉ። በአምስተኛው ቀን ግን ወገባቸውን አሟቸው ቀሩ። አቤት ጸጥታው! ሥራው አልገፋ አለኝ። ሰውዬውን እወዳቸው ኖሯል እንዴ? አካፋዬን ጥዬ ቤታቸው ሄድኩና አልጋቸው አጠገብ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ የቀረውን እንዴት ልጥረገው?"

 በክርናቸው ቀና ብለው ወንበር አመለከቱኝ። እስኪመሽ አልተነሳሁም።