‹‹እኛ›› ማለት ማን ነው?

በአርባ ምንጭ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሶ የሚያልበው ወጣት ካያችሁ ወይ ሙሽራ ነው፣ ወይ ለማስተርስ ሊታይ ነው። ልዩነቱም ያን ያህል አይደለም። ሁለቱም ‹‹ይወዱኝ ይሆን?›› እያሉ ነው።

በእኛ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የዚህ የሁለተኛው ጋብቻ ሽማግሌ መምህር ዘውዴ ነው። እሱ ባዮሎጂ ያስተምራል፣ እኔ ኬሚስትሪ። ይህን ሥራ ማንም አልሰጠውም። በገዛ ስልኩ ሌላ ከተማ ያሉ ፕሮፌሰሮች ጋ እየደወለ፣ ‹‹አሣ እጋብዛችኋለሁ፣ ብቻ ኑና ልጆቼን እዩልኝ›› ይላል። ይመጣሉ። ለአሣው ይሁን ለልጆቹ አልጠየቅኩም። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ምርምራቸውን አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ያስረዳሉ፤ እንግዶቹም የወደዱትን ተማሪ ለማስተርስ ይመርጣሉ። እኔ እንኳን ለሰው ልጅ ለራሴም እንዲህ ለምኜ አላውቅም። ሰውየው ይገርመኛል።

አንድ ነገር ግን ያናድደው ነበር። ልጆቹ ‹‹እኔ›› አይሉም። በተለይ የደጋዎቹ ‹‹እኔ ሠራሁ›› ማለት ጉራ ይመስላቸዋል። ዘውዴም ራሱ የደጋው የጨንቻ ሰው ስለሆነ ነገሩን ያውቀዋል። እና ሳምንቱን ሙሉ ‹‹እኔ በሉ!›› እያለ ሲያሠለጥናቸው ሰነበተ። በበራችን ያለፈ ሰው ‹‹እኔ! እኔ!›› የሚለውን ጩኸት ሲሰማ ውስጥ ሹመት የሚታደል ይመስለው ነበር።

ቀኑ ደረሰ። አማረች የምትባል የጨንቻ ልጅ፣ በዚያ ሙቀት ሹራቧን እንኳን ሳታወልቅ፣ የእንሰት አጠውልግ በሽታ በቢላ እንዴት እንደሚተላለፍ ልታስረዳ ቆመች። በሽታው የእናቷን ጓሮ ጨርሶታል። ፊቷ የቆሙት ፕሮፌሰር ደግሞ የሚቀበሉት አንድ ተማሪ ብቻ ነው።

ጀመረች። ‹‹እኛ ተከልን፤ ቢላውን እኛ በእሳት ለበለብን፤ እኛ ለካን…››

ዘውዴ ላቡን ጠረገ።

ፕሮፌሰሯ፣ ‹‹የኔ ልጅ፣ እኛ ማለት ማን ነው?›› አሏት።

አላፈረችም። ችግኙን የሰጠችው እናቷ መሆኗን፣ የታመመውን ከጤነኛው መለየት ያሳዩዋት ጎረቤቶቿ መሆናቸውን፣ እሁድ እሁድ ቤተ ሙከራውን የሚከፍትላት የግቢው ጥበቃ መሆኑን ነገረቻቸው።

‹‹ታዲያ አንቺ ብቻሽን የሠራሽው ምንድን ነው?››

ዘውዴ ከሰው ኋላ ሆኖ በከንፈሩ ብቻ ‹‹እኔ በይ፣ እኔ በይ›› ይላል። ይህች ልጅ ልትቀር ነው አልኩ።

‹‹እኔ ብቻዬን የመጀመሪያዎቹን ችግኞች ገደልኳቸው›› አለች።

ለካ የታመመውን በቆረጠችበት ቢላ፣ ሳታጸዳው፣ ለማነጻጸሪያ ያስቀመጠቻቸውን ጤነኞች ነክታቸዋለች። ሁሉም ጠወለጉ። ‹‹ያን ቀን ማንም አብሮኝ አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ቢላውን ሳያይልኝ አንድም አልቆረጥኩም›› አለች።

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አወለቁ። ጠዋቱን በሙሉ ያልተሳሳተ ሰው ብቻ ሲሰሙ እንዳረፈዱ፣ በእሳቸው ቤተ ሙከራ ግን ያልተሳሳተ ሰው ኖሮ እንደማያውቅ ነገሯት። ከዚያ ‹‹ቦታው ያንቺ ነው›› አሏት። አማረች ፊቷን በሹራቧ ሸፍና አለቀሰች። እኔም ዓይኔ ሞላ፣ ምን እደብቃለሁ?

ፕሮፌሰሯ ወደ ዘውዴ ዞረው በአድናቆት፣ ‹‹እንዲህ አድርገው ያሠለጠኗት እርስዎ ነዎት?›› አሉት።

ዘውዴ አንገቱን ደፋ።

‹‹ኧረ እኛ ምን አደረግን!››